ማንበብ መቻልና ብዙ ቋንቋ ማወቅ ለሰላም የሚጠቅሙት እንዴት ነው?

ጳጉሜ 3 ቀን በየዓመቱ ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ቀን ሆኖ ይከበራል። ቀኑ እንዲከበር ዩኔስኮ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረጠው መሪ ሐሳብ ደግሞ በብዙ ቋንቋዎች መማርን ከመግባባትና ከሰላም ጋር ያያያዘ ነበር። ሐሳቡ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ፊደል መቁጠርና ሁለት ሦስት ቋንቋ መናገር ጠመንጃን ዝም የሚያሰኘው በምን መንገድ እንደሆነ ሲብራራ የምንሰማው ጥቂት ጊዜ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከክርክር አልፎ ደም ያፋሰሰ በመሆኑ፣ አንዱ ወገን «የቋንቋ ብዛት ነው የሚለያየን» ሲል ሌላው «ሁሉም በራሱ ቋንቋ ከተማረ በቂ ነው» እያለ፣ በመካከሉ ያለው አሠራር ሳይታይ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ያንን አሠራር ለማስረዳት ይሞክራል።

«ማንበብና መጻፍ መቻል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ፊደል መለየትና ስምን መፈረም የነገሩ መጀመሪያ ብቻ ነው። ዛሬ ማንበብና መጻፍ ይችላል የሚባለው፣ ለዕለት ኑሮው የሚያስፈልገውን አጭር ጽሑፍ አንብቦ ትርጉሙን የሚረዳ፣ የራሱንም ሐሳብ በጽሑፍ ማስፈር የሚችል ሰው ነው። በዚህ መለኪያ በዓለም ላይ ከ700 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ከእነዚህም ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ሴቶች ናቸው። በኢትዮጵያም ከአዋቂው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና ከዚህ ዕድል ውጭ ነው።

ከዚህ ጋር አብረው የሚነሡ፣ ብዙ ጊዜም የሚደባለቁ ሦስት ቃላት አሉ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ልጁ በቤቱ ሲሰማ አድጎ በመጀመሪያ የሚናገረው ነው፤ ከአንድ በላይም ሊሆን ይችላል። የማስተማሪያ ቋንቋ መምህሩ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚያስረዳበት ቋንቋ ሲሆን፣ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሚሰጥ ቋንቋ ይለያል። የሥራ ቋንቋ የሚባለው ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጽፍበት፣ ባለጉዳይ የሚያስተናግድበትና ፍርድ ቤት ችሎት የሚያስችልበት ነው። «የእገሌ ቋንቋ ይከበር» በሚል ሙግት ውስጥ ከሦስቱ የትኛው እንደተጠየቀ ለይቶ ማወቅ ብቻውን ብዙ ጠብ ያበርዳል።

የአንድ ሰው ማንበብ መቻል ለጎረቤቱ ሰላም ምን ይጠቅማል?

በገጠር ከሚነሡ ጠቦች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከመሬት ነው። ድንበር ተገፋ፣ የውርስ ድርሻ ቀረ፣ በመጋዞ የተሰጠ መሬት እንደተሸጠ ተቆጠረ፣ ይባላል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ለአርሶ አደሩ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ የዚህን ዓይነቱን ክርክር በሰነድ ለመቋጨት ታስቦ ነበር። ሆኖም ሰነድ የሚጠብቀው የሚያነበውን ሰው ነው። ምን እንደተጻፈበት ሳያውቅ በአውራ ጣቱ የፈረመ ሰው፣ በኋላ የተጻፈው ካሰበው ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ ያነበበለትን ሰው፣ የጻፈለትን ጸሐፊ፣ የመሰከረበትን ጎረቤት ሁሉ ይጠረጥራል። ማመን የሚችለው ሰው ሲያጣ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ ይልቅ ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል፤ የሁለት ሰዎች ክርክርም የሁለት ቤተሰብ ቂም ይሆናል።

ቋንቋ ወደዚህ የሚገባው በፍርድ ቤት በኩል ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው የተከሰሰበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዛል፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እነዚህ ድንጋጌዎች እንዲሁ ለወግ የተጻፉ አይደሉም። ዳኛው የተናገረውን ያልሰማ ሰው ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ ትክክል መሆኑን ማወቂያ የለውም፤ ያልገባውንም ፍርድ እንደ በደል ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። በእኔ እምነት ከቋንቋና ከሰላም ግንኙነት ሁሉ ከማንኛውም ንግግርና በዓል በላይ ሊተኮርበት የሚገባው ይህ ነው፤ ሕግንና ፍትሕን ማመን የሚችለው በሚገባው ቋንቋ የሚሰማቸው ሕዝብ ብቻ ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የወሬ ጉዳይ ነው። ግጭት ባለበት አካባቢ በአንድ ከተማ ተፈጸመ የተባለ ግድያ በሌላው ከተማ በሰዓታት ውስጥ ብቀላ ሊያስነሣ ይችላል። ማንበብ የሚችል ሰው፣ በተለይም የሌላውን ወገን ቋንቋ የሚያነብ ሰው፣ ያንኑ ድርጊት ሁለቱም ወገኖች እንዴት እንደተናገሩት ማነጻጸር ይችላል። ማነጻጸር መቻል ማለት የግድ ማነጻጸር ማለት ባይሆንም፣ ይህ ችሎታ የሌለው ሰው ግን የሚያምነው ወደ እሱ ቀድሞ የደረሰውን ብቻ ነው።

ታዲያ የተማሩ ሰዎች ለምን ይዋጋሉ?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሽፍንፍን ተደርጎ ሊታለፍም አይገባም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ታሪክ ትልቁ የንባብ እንቅስቃሴ ነበር። ተማሪው፣ መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ተሰማርቶ አዛውንቱን ሳይቀር ከጥቁር ሰሌዳ ፊት አስቀምጧል። ትምህርቱ በአማርኛ ብቻ አልነበረም፤ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ፣ በጌዴኦኛ፣ በስልጥኛ፣ በአፋርኛ፣ በከፋ ሞቻ፣ በትግረ፣ በኩናማና በሳሆ ጭምር፣ በድምሩ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል እየተጻፉ ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ብዙ እናቶች ስማቸውን የጻፉት፣ ከልጆቻቸው የተላከ ደብዳቤ ያነበቡት በዚያ ዘመቻ ነው፤ ይህን ሥራ ማቃለል ለእነርሱ የተገኘውን ማቃለል ይሆናል።

ነገር ግን ዘመቻው ሲካሄድ በሰሜን ጦርነት ነበር፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም አልቆመም። ጎረቤታችን ሶማሊያም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1972 ለሶማልኛ የላቲን ፊደል ከተወሰነ በኋላ ተማሪዎች ወደ ገጠር ተልከው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው ማንበብ አስተምረዋል፤ ይሁንና ሕዝቡ በአብዛኛው አንድ ቋንቋ የሚናገርባት ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥቷ ፈርሶ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ገብታለች። በሩዋንዳም ሁቱውና ቱትሲው የሚናገሩት ያንኑ ኪንያሩዋንዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ለተፈጸመው የዘር ፍጅት በጋዜጣና በሬዲዮ ቀስቅሰዋል ተብለው ለሩዋንዳ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ከተፈረደባቸው ሰዎች አንዱ የታሪክ ምሁርና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር።

ከእነዚህ ሦስት አገሮች የምንረዳው ማንበብ መቻልና አንድ ቋንቋ መናገር በየራሳቸው ሰላም እንደማያመጡ ነው። ማንበብ መቻል የሰውን አቅም ይጨምራል፤ አቅሙ ወዴት እንደሚውል የሚወስነው ግን ሰውየው የሚያገኘው ጽሑፍ የአንድ ወገን ብቻ ወይም የብዙ ወገን መሆኑ፣ አንብቦም ለመጠየቅና ለመቃወም የተፈቀደለት መሆን አለመሆኑ ነው። የአንድ መንግሥት መፈክር ብቻ የሚያነብ ሕዝብ አንባቢ ቢሆንም የሚያነጻጽረው ነገር የለውም። በሌላ ቋንቋ የማንበብ ጥቅም ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ቋንቋ ሁለተኛ የመረጃ ምንጭ ነውና።

አንድ ቋንቋ ብቻ ቢኖረን ነገሩ አይቀልም?

ብዙ መሪዎች ይህን አስበዋል፤ አብዛኞቹም ያሰቡት አገር አንድ ለማድረግ እንጂ ለክፋት አልነበረም። ውጤቱን ለማየት ግን ስሪላንካን ጠጋ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ሕግ የብዙኃኑን ቋንቋ ሲንሃላን ብቸኛ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አደረገ። በእንግሊዞች ዘመን በመንግሥት ሥራ ብዙ ቦታ የነበራቸው ታሚሎች በአንድ ጊዜ በማያውቁት ቋንቋ እንዲሠሩ ተጠየቁ፤ ያልቻለው ከሥራ የሚወጣበት፣ ልጁም ወደ ሥራ የማይገባበት ሁኔታ ተፈጠረ። ሕጉ ስለ መግደል የሚናገር አንድም ቃል አልነበረውም፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ በአገሩ ላይ ባለጉዳይ ሆኖ ሲቀርብ እንደ እንግዳ እንዲቆጠር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1958 ብዙ ሰው ያለቀበት ሁከት ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2009 የዘለቀውም ጦርነት ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነበር። ታሚልኛ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ኦፊሴላዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ያኔ ግን ጦርነቱ ከተጀመረ አራት ዓመት አልፎታል።

በዛሬዋ ባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1952 ቋንቋቸው ቤንጋልኛ እንዲከበር የጠየቁ ተማሪዎች በጥይት ተመቱ፤ ዛሬ ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን የሚከበረው እነርሱን ለማሰብ ነው። በደቡብ አፍሪካዋ ሶዌቶም እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1976 ልጆች አደባባይ የወጡት ሒሳብንና ሌላውን ትምህርት በነጮቹ ገዥዎች ቋንቋ በአፍሪካንስ እንዲማሩ በመገደዳቸው ሲሆን፣ በየዓመቱ የምናከብረው የአፍሪካ ሕፃናት ቀን የእነርሱ መታሰቢያ ነው።

የራሳችንም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚስዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም አማርኛን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ኦፊሴላዊ ቋንቋ አደረገ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ትግርኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋዎቿ ነበሩ፤ ፌዴሬሽኑ እየተሸረሸረ በሄደ ቁጥር ሁለቱም ለአማርኛ ቦታ እንዲለቁ ተደረገ። በነሐሴ 1953 ዓ.ም. የተጀመረው የትጥቅ ትግል ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም፣ አንድ ሰው ትናንት በቋንቋው ይማርበት የነበረው መጽሐፍ ሲነሣበት የተሰማው ቅሬታ ከእነዚያ ምክንያቶች መካከል ነበር። ይህን ስንል አማርኛን እንደ ቋንቋ መውቀሳችን አይደለም። አማርኛ በገበያ፣ በከተማ፣ በሥራና በጋብቻ ብዙ ሕዝብ ወዶ የተማረው፣ ዛሬም የሚያገናኘው ቋንቋ ነው። ያቆሰለው ቋንቋው ተጨማሪ ሆኖ መምጣቱ አልነበረም፤ በሌላው ምትክ መተከሉ ነበር።

ታንዛኒያ ብዙ ጊዜ እንደ ተቃራኒ ማስረጃ ትነሣለች፤ ከ120 በላይ ቋንቋዎች ያሏት አገር በኪስዋሂሊ ተግባብታ በሰላም ኖራለች። እውነት ነው። ሆኖም ኪስዋሂሊ በሕግ ከመታወጁ ከብዙ ዘመን በፊት በንግድ መንገድ ተስፋፍቶ የነበረ፣ ከትልልቆቹ ብሔረሰቦች የአንዱም ብቻ ያልሆነ ቋንቋ ስለነበር፣ ሲመረጥ አሸናፊና ተሸናፊ አልተፈጠረም። እንዲያም ሆኖ የቀሩት ቋንቋዎች ከትምህርት ቤት ውጭ በመቅረታቸው ዋጋ ከፍለዋል።

በወላይታ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ምን ተፈጠረ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ለሚነጋገር ኢትዮጵያዊ ከውጭ ምሳሌዎች ሁሉ ይልቅ ይህ ታሪክ ሊታወቅ ይገባዋል። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በዚያን ጊዜ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበሩ። የአራቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች በጣም የሚቀራረቡ ናቸው፤ የሥነ ልሳን ባለሙያዎችም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይመድቧቸዋል። መንግሥት ለእያንዳንዱ ለየብቻ መጽሐፍ ከማሳተም ይልቅ አንድ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ ማዘጋጀት ወጪ ይቀንሳል፣ ሕዝቡንም ያቀራርባል ብሎ አሰበ። ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ድምፅ ተወስዶም «ወጋጎዳ» የሚል ስም ወጣ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ታትመው ተከፋፈሉ።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ነበር። ልጆቹ ግን የእናታቸውን ቋንቋ ይማሩበታል በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ማንም በቤቱ የማይናገረውን ድብልቅ ቋንቋ አገኙ፤ ወላጆችና መምህራንም ቋንቋችን ስሙም መልኩም ሊጠፋ ነው ብለው ተነሡ። በሶዶ ከተማ ተቃውሞው ወደ ግጭት ተሸጋግሮ የሰው ሕይወት አለፈ፣ ብዙዎች ታሰሩ፣ ንብረት ወደመ። በመጨረሻ መንግሥት መጻሕፍቱን አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ሰሜን ኦሞ ራሱ ተከፍሎ ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ ለየብቻ ዞን ሆኑ። ለማቀራረብ የታሰበው መጽሐፍ ለመለያየት ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ቋንቋዎች ምን ያህል ቢቀራረቡ የተናጋሪዎቹን ፈቃድ ሊተካ የሚችል የባለሙያ ስሌት የለም፤ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት በየአውራጃው ሽማግሌዎችና መምህራን ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ መልሱ በጊዜ ይታወቅ ነበር። ሁለተኛ፣ የወላይታ ተማሪ ጋምኛን ጨምሮ እንዲማር ቢጋበዝ ኖሮ ደስ ሊለው በቻለ ነበር፤ የተጠየቀው ግን የራሱን ትቶ በሌላ እንዲለውጥ ነው። መጨመርና መለወጥ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱንም «የቋንቋ ትምህርት» እንላቸዋለንና። የሚያስከትሉት ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

ልጅ በየትኛው ቋንቋ ማንበብ ይጀምር?

በሚናገረው ቋንቋ ይጀምር የሚለው መልስ ከፖለቲካ በፊት የትምህርት ጉዳይ ነው። ማንበብ የመማር ሥራ ልጁ ቀድሞ በጆሮው የሚያውቀውን ድምፅ በዓይኑ ከሚያየው ምልክት ጋር ማገናኘት ነው። «በሬ» የሚለውን ቃል የሚያውቅ ልጅ ፊደሎቹን ሲያጣምር ትርጉሙ ራሱ ይመጣለታል፤ ትክክል ማንበቡንም ያውቃል። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ልጅ ግን ፊደሎቹን በትክክል ቢያነብ እንኳ ማንበቡን የሚያረጋግጥበት ነገር የለውም፤ መምህሩ ያለውን ይደግማል እንጂ አያነብም። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ የሚያፈስስ ሰው ጊዜ የቆጠበ ይመስለዋል፤ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም፣ ከምጣዱም ይጣበቃል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ የምጣዱ ግለት ነው፤ ከጋለ በኋላ ሌላው በቶሎ ይበስላል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የንባብ ችሎታ አንድ ጊዜ ከተገኘ ወደ ሌላ ቋንቋ እንደሚሻገር፣ ሁለተኛውን ቋንቋ የሚማር ልጅም ማንበብን እንደ አዲስ እንደማይጀምር የቋንቋ ትምህርት ጥናቶች ካሳዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በኢትዮጵያም ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተጠናቀቀው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከተዛወሩት ይልቅ በ8ኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ብዙ ወላጅ ልጁን ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ለማስተማር የሚጣደፈው ለልጁ በጎ በማሰብ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱንም አጉድሎ የሚያድግ ልጅ እንዳይሆን የአፍ መፍቻው ቋንቋ ንባብ አስቀድሞ መጽናት አለበት።

ነገሩ ከሰላም ጋር የሚገናኘው ደግሞ ትምህርት ቤት በሚያቋርጡት በኩል ነው። የማይገባው ቋንቋ ሲነገር በክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ልጅ ሰነፍ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ከትምህርት የወጣ፣ ሥራም ያላገኘ፣ የተናቅሁ ብሎ የሚያስብ ወጣት ደግሞ ጠብ ለሚቀሰቅስ ሰው በቀላሉ የሚገኝ ነው።

በየቋንቋው መማር ልጆችን አያራርቃቸውም?

ሊያራርቃቸው ይችላል፤ ይህን የሚፈሩ ሰዎች ፍርሃታቸው መሠረት አለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ፈቅዶ ብዙ ልጆችን ለትምህርት አብቅቷል። ከዚያ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ድልድይ ግን በብዙ ቦታ ደካማ ሆኖ ቀረ። አማርኛ በአንዳንድ ክልሎች በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ፣ ቋንቋውን ራሱ አጥርቶ በማይናገር መምህር ሲሰጥ፣ በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ ያደገው አብዛኛው ልጅ ደግሞ አንድም ሌላ የኢትዮጵያ ቋንቋ ሳይማር 12ኛ ክፍልን ጨረሰ። እነዚህ ወጣቶች በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍል ሲገናኙ ቀልድና ሐዘን የሚካፈሉበት ቋንቋ አልነበራቸውም። በ2012 ዓ.ም. በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች እስከመገደል የደረሱበት ግጭት የፖለቲካው ትኩሳት ውጤት እንደነበር ባይካድም፣ ትኩሳቱን ማብረድ የሚችል ቅርበት አለመኖሩ ነገሩን አባብሶታል።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ድልድዩ የሚሠራው ከሁለቱም ዳር ነው። አማርኛ ተናጋሪው ሌላው ሁሉ አማርኛ እንዲማር እየጠበቀ ራሱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ለመማር ካልተነሣ፣ ጥያቄው የመግባባት ጥያቄ መሆኑ ይቀርና የበላይነት ጥያቄ መስሎ ይሰማል። በሐረር ሐረርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ እየቀያየረ የሚነጋገር ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። በወሎ በየሰኞው በሚውለው የባቲ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ለዘመናት የተገበያዩት አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየሞከረ ነው፤ በገበያው ላይ የተጣላን ሰው የሚያስታርቁትም የሁለቱን ወገን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በአማራ ክልል በከሚሴ ኦሮምኛ፣ በአዊ አውኝኛ፣ በዋግ ኽምራ ኽምጣኛ በትምህርትና በሥራ መዋላቸው ደግሞ በአንድ ክልል ውስጥ ብዙ ቋንቋ ማስተናገድ የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

የፊደል ልዩነትም አንድ እንቅፋት ነው። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ይጻፋል፤ ሶማልኛና አፋርኛም እንዲሁ። አማርኛና ትግርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋሉ። በዚህ ምክንያት የጎረቤቱን ቋንቋ በአፍ የሚችል ብዙ ሰው ጋዜጣውን ማንበብ አይችልም። በአንጻሩ የላቲንን ፊደል ማንኛውም ተማሪ ከእንግሊዝኛ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ቁቤን ለማንበብ የሚያስፈልገው የአናባቢዎቹንና የጥቂት ጥምር ፊደሎችን ሕግ መልመድ ነው። የግዕዝ ፊደልን ለሚጀምር ግን ሥራው ይረዝማል፤ ለዚህም የተለየ ጊዜ ሊመደብለት ይገባል።

አምስት የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች ማለት ሁሉም አምስቱን ይማራል ማለት ነው?

አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዲኖራቸው፣ አማርኛ የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋ እንዲሆን፣ ክልሎችም የየራሳቸውን እንዲመርጡ ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ በአማርኛ ላይ ተጨምረው የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የሚያስችለውን የቋንቋ ፖሊሲ አጸደቀ። የእንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ ዓላማ ተናጋሪው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ እንዲሰማው ማድረግ ነው።

ስዊዘርላንድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት፣ ምክንያቱም ስለ እርሷ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የተሳሳተ ነው። አራት ብሔራዊ ቋንቋዎች ስላሏት ዜጋዋ ሁሉ አራቱን የሚናገር ይመስለናል፤ አብዛኛው ሰው ግን የሚኖረው የአካባቢው በሆነው አንድ ቋንቋ ነው፣ በትምህርት ቤትም ሌላ ብሔራዊ ቋንቋ ይጨምራል። ብዙ ቋንቋ የሚሸከመው መንግሥት ነው። የፌዴራሉ ሕግ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣልያንኛ ይወጣል፤ የሦስቱም ቅጂ እኩል ኃይል አለው፤ ዜጋውም ለፌዴራል መሥሪያ ቤት በቋንቋው ጽፎ በቋንቋው መልስ ያገኛል። ይህ ተርጓሚ፣ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። በእኛም አገር አንድ ቋንቋ በወረቀት የሥራ ቋንቋ መባሉ የሚለካው በፍርድ ቤት ብቁ አስተርጓሚ፣ በነጋሪት ጋዜጣ ትርጉም፣ በፓስፖርትና በጡረታ መስኮት ላይ ባለጉዳዩን የሚሰማ ሠራተኛ በመኖሩ ነው።

ልጅን በቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ማስተማር አያደናግረውም?

ይህን የሚጠይቁት በአዲስ አበባ የሚኖሩ አባቱ ኦሮምኛ፣ እናቱ ትግርኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች ብቻ አይደሉም፤ በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ ልጆቻቸው አማርኛ እየረሱባቸው የሚጨነቁ ወላጆችም ይጠይቁታል። ሕፃን ልጅ ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ መልመድ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱን ማቀላቀሉ የሚጠበቅ ነው፤ የመደናገር ምልክት አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ ከማን ጋር የትኛውን እንደሚናገርም በቶሎ ይለያል። የሚጎዳው ወላጅ እያፈረ በራሱ ቋንቋ መናገር ሲተው፣ አጥርቶ በማይችለው ሌላ ቋንቋ ብቻ ልጁን ሲያናግር ነው፤ ያኔ ልጁ ከወላጁ የሚሰማው ቃል ያንሳል፣ ከአያቶቹም ጋር መነጋገሪያ ያጣል። እያንዳንዱ ወላጅ በሚችለው ቋንቋ ቢያናግረው፣ ተረት ቢነግረው፣ ከተገኘም በሁለቱም ቋንቋ መጽሐፍ ቢያነብለት በቂ ነው። ልጁ ሁለቱንም እኩል ባይችል እንኳ፣ አንዱን ሰምቶ የሚረዳ ልጅ ካደገ በኋላ መናገሩንና ማንበቡን ለመጨመር ከሌላው ሰው የሚያንስ ጊዜ ይበቃዋል።